አቧራ የለበሰ የፍሬን ሸራ

በአውቶቡስ ድርጅቱ መለዋወጫ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ። መካኒክ በወረቀት የጠየቀውን ዕቃ ከመደርደሪያ አወርዳለሁ፣ በአውቶቡሱ ካርድ ላይ እጽፋለሁ፣ አስፈርማለሁ። የነዳጅ ኩፖንም የሚወጣው በእኔው መስኮት ነው። ትምህርት ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ቢሆንም ለዚህ ሥራ አላነሰኝም። ሠራተኛው «እትዬ ስቶር» ይለኛል። አንዳንዶቹ ሌላ ስም ያለኝም አይመስላቸው።

የምጽፈው ግን ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል፤ ጋሼ እለዋለሁ። በዚያው ድርጅት የጎን ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ሹፌር ነበር። ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ከኋላው የሚጉላሉ ሹፌሮች ጥሩምባ እየነፉ፣ በመስኮት ብቅ ብለው «ሙሽራ ነው እንዴ የጫንከው?» ሲሉት ሲሉት «ሙሽራው» የሚለው ስም በዚያው ጸናበት። ሁለት ልጅ ድሮ፣ የልጅ ልጅ አቅፎ፣ ጸጉሩ እንደ ጥጥ ነጥቶም ሙሽራው ነበር።

አባታችን ሲሞት እሱ ሃያ፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመታችን ነበር። እናታችን ከአልጋ አትነሳም። እሱ አውቶቡስ አጣቢ ሆኖ ተቀጠረ፤ እኔ እናቴን ለማስታመም ደብተሬን አስቀመጥኩ። «አንድ ዓመት ብቻ ታገሺኝ፣ ትመለሻለሽ» አለኝ። ያ አንድ ዓመት እስከ ዛሬ አላለቀም። አልወቅሰውም። እሱም ቢሆን የፈለገው አስተማሪ መሆን ነበር።

ሰባት ዓመት አውቶቡስ አጠበ። «ወለሉን አይቼ ሹፌሩን አውቀዋለሁ» ይለኝ ነበር። የፈሰሰ ወተት፣ የተፈጠፈጠ ቲማቲም፣ ትውከት፣ አንዳንዴም ከመያዣው ብረት ሥር የደረቀ ደም። አንድ ቀን የአሮጊት ጫማ ከወንበር ሥር አገኘ፤ አንዱን እግር ብቻ። ሴትዮዋ ድንገተኛ ፍሬን ጥሏቸው በሰው ሸክም እንደወረዱ ቲኬት ቆራጩ ነገረው። ጫማውን አጥቦ ለብዙ ጊዜ አስቀመጠው፤ የሚጠይቅ አልመጣም። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ታዲያ ማንም ሳያስምለው ማለ፤ የእሱን አውቶቡስ የሚያጥብ ሰው ከአቧራና ከቲኬት ቁራጭ በቀር ሌላ ነገር እንዳይጠርግ።

አነዳዱን በቃል መንገር ይከብዳል። ማቆሚያው ገና ሩቅ ሳለ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል። አውቶቡሱ በራሱ እየበረደ፣ እየበረደ ሄዶ ከምልክቱ አጠገብ ሲደርስ ፍሬኑን የሚነካው የተኛ ሕፃን እንደሚነካ ሰው ነው። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ይቀንስና ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ያደርገዋል። የቆሙ ሰዎች ብረት ሳይዙ ያወራሉ። በገበያው ማቆሚያ ያሉ እንቁላል ነጋዴዎች ሌላውን አውቶቡስ እያሳለፉ አሥራ ዘጠኝን ይጠብቁ ነበር። ሹፌሮቹ በዚህም ያላግጡበታል፤ «በሙሽራው አውቶቡስ እንቁላል አይሰበርም፤ ግን እስኪደርስ ይፈለፈላል» ይሉታል። ጋሼ ይስቃል። መልስ አይሰጥም። «ዝም አይነቅዝም» የሚል ሰው ነው።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የመጣው ጋሼ ለጡረታ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። የሠራተኛ ማኅበሩ ሦስት ዓመት ሙሉ የደሞዝ ጭማሪ ሲጠይቅ ኖሮ፣ ሰውየው መልሱን ይዞ መጣ። «ድርጅቱ እየከሰረ ጭማሪ የለም» አለ። «የወር ደሞዝ ሰው ያስተኛል። ከዛሬ ጀምሮ ግማሹ እንዳለ ይከፈላል፣ ግማሹ በምልልስ ብዛት ይሆናል። ብዙ የተመላለሰ ብዙ ይወስዳል።»

ከሹፌሮቹ ውስጥ የተቆጣም የተደሰተም ነበር። ከተደሰቱት አንዱ የሰባት ቁጥር ሹፌር ነው፤ ባለቤቱ በዚያው ሰሞን መንታ ወልዳለታለች። በመጀመሪያው ወር ከማንም በላይ ተመላለሰና ከድሮው ደሞዙ በላይ ወሰደ። «ነፋሱ» የሚለው ስም የወጣለት ያኔ ነው። ጋሼ ደግሞ ከድሮው ሲሶ ያህል ቀንሶበት ወደ ቤት ገባ።

በሦስተኛው ወር ማለቂያ ላይ ከሥምሪት ክፍሉ በር አጠገብ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሠላሳ ሁለቱም አውቶቡሶች በትርፍ ቅደም ተከተል ተደርድረዋል። ሰባት ቁጥር አንደኛ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሠላሳኛ። ከታች በቀይ እስክሪብቶ፣ በዝርዝሩ መጨረሻ ያሉት ሦስት አውቶቡሶች በሚቀጥለው ወር መጨረሻ እንደሚቆሙና ሹፌሮቻቸው እንደሚሰናበቱ ተጽፏል።

«ሙሽራው፣ እንግዲህ ሚዜ ፈልግ። ሽኝት አለብህ» አለ ነፋሱ። ሳቁ ክፉ አልነበረም፤ የሦስት ወር ጉራ ነው።

«አንተ ሚዜ ትሆነዋለህ» አለው ዋና መካኒኩ፣ ሁላችንም ዘይቱ የምንለው፣ ክርኑ ድረስ ጥቁር የሆነ ሰው። «ግን ያንን ሰባት ቁጥርህን ይዘህ እንዳትመጣ። ሙሽራው ሳይደርስ ድግሱን ትደረምሰዋለህ።»

ሰው ሳቀ። ጋሼ ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች አነበበና መነጽሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሠላሳ ዓመት ከነዳ በኋላ፣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ተሰናበተ ማለት ጡረታው ሙሉ አይሆንም ማለት ነው። ይህን ማንም አልተናገረም፤ ሁላችንም ግን አስበነዋል።

በምሳ ሰዓት ወደ እኔ ክፍል መጣ። ሁልጊዜ የሚቀመጥባት የዘይት ጀሪካን አለች።

«ጋሼ፣ ነዳጁን ትንሽ ብትረግጠውስ?» አልኩት። «ቀኑ እስኪያልፍ እንኳ?»

«ረገጥኩት እኮ» አለ።

«መቼ?»

«ማክሰኞ። ሁለት ምልልስ ጨመርኩ።» እጁን አየ። «ስድስት እንቁላል ሰበርኩ። ያቺ ወፍራሟ ነጋዴ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? አልሰደበችኝም። ‹ዛሬ አመመህ እንዴ ወንድሜ?› አለችኝ። የእንቁላሏን ከፈልኩ፣ ወለሉን ራሴ አጠብኩ። ከእንግዲህ ይበቃኛል።»

ሳህኑን ጠርጎ በላና ወጣ። እኔም የለመድኩትን አደረግሁ፤ ሆዴን ቆልፌ ሥራዬን ቀጠልኩ።

በማግስቱ ዘይቱ ወረቀት ይዞ መስኮቴን አንኳኳ።

«እትዬ ስቶር፣ ለሰባት ቁጥር የፍሬን ሸራ።»

«ባለፈው ወር ወሰድክ አይደል?»

«ባለፈው ወርም ወሰድኩ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ወሮችም ወሰድኩ። ልጁ ፍሬኑን እንደ እባብ ነው የሚረግጠው። ስጪኝ እንጂ።»

«አልቋል።»

«ያ ምንድን ነው ታዲያ?» አለና በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ጠቆመ። እውነቱን ነው፤ አንድ ካርቶን ነበር። አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ለብሶታል።

«እሱ የአሥራ ዘጠኝ ነው። በቁጥሩ የመጣ ነው።»

«መቼ የመጣ?»

ካርዱን አወጣሁ። አውቶቡሶቹ አዲስ ሆነው ከገቡ አራት ዓመት ነው። በሁለተኛው ዓመት ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሸራ ታዞ ነበር። ሠላሳ አንዱ በጥቂት ወራት ውስጥ ወጥቶ ስንት ጊዜ ተተክቷል። የአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ካርድ ላይ ግን «ገቢ አንድ» ከሚለው በታች ባዶ ነው።

ዘይቱ ባዶውን መስመር በጥቁር ጣቱ ተከተለው። «የአሥራ ዘጠኝን ፍሬን በየሦስት ወሩ እከፍተዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «በየሦስት ወሩ ‹ገና ነው› ብዬ እዘጋዋለሁ። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ሸራ ነው እኮ እስካሁን! ምን ዓይነት ደደብ ነኝ?»

«ምን ሆንክ?»

«ያ ማስታወቂያ! ትርፉን እንዴት ነው ያሰሉት?»

እኔ አውቅ ነበር። ወር በገባ ቁጥር ሂሳብ ሹሙ ወደ እኔ ስልክ ደውሎ የወጣውን ዕቃና ነዳጅ ጠቅላላ ድምር ይጠይቀኛል። ዝርዝር ጠይቆኝ አያውቅም። ድምሩን «የጋራጅ ወጪ» ብሎ ይይዝና ለሠላሳ ሁለት እኩል ያካፍለዋል። ከመሥራቾቹ ጀምሮ እንዲሁ ሲሠራ የኖረ ነው። ሰባት ቁጥር የበላውን ጎማና ሸራ አሥራ ዘጠኝም እኩል ይከፍላል ማለት ነው። ሃያ ዓመት ድምሩን ስነግራቸው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ «ይህ ነገር ልክ ነው?» ብዬ አላሰብኩም። ደመወዝተኛ ሲደክመው የማያስበው ነገር ብዙ ነው።

ሦስት ቀን በምሳ ሰዓት በሩን ዘግቼ ደመርኩ። ሠላሳ ሁለት ካርድ፣ የሦስት ወር። ሸራ፣ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ዘይት፣ ነዳጅ። በስድስተኛ ክፍል ሂሳብ፣ በእርሳስ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሲያልቅ ወረቀቱን ለጋሼ አሳየሁት።

ረጅም ጊዜ አየውና አጥፎ መለሰልኝ። «አታውጪው።»

«ለምን?»

«ወንድሟን ለማዳን ጻፈች ይሉሻል። እኔ ብሄድ አንድ ሰው ነው የሚሄደው። አንቺም ከወጣሽ ሁለት ነን። ዝም አይነቅዝም፣ እህቴ።»

«ጋሼ፣ የእኛ ግን ነቅዟል» አልኩት። እንዲህ ብዬው አላውቅም። ራሴም ደነገጥኩ።

ስብሰባው ቅዳሜ ጠዋት በማጠቢያው ሜዳ ላይ ሆነ። ሰው በጎማና በጣውላ ላይ ተቀምጧል፤ ሥራ አስኪያጁ፣ ሂሳብ ሹሙና የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጠረጴዛ ይዘዋል። ሥራ አስኪያጁ ስለ ኪሳራ ብዙ ተናገረ። ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ እንቅልፍ ያጣ ፊት ነበረው። «አስተያየት ያለው» ሲል ዘይቱ በክርኑ ጎሸመኝ።

«ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም። ተነሺ!»

ተነሳሁ። ካርዶቹን በካርቶን ታቅፌያለሁ። «እኔ ትርፍ የሚባለውን አላውቅም» አልኩ። «የወጣውን ዕቃ ግን አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ የማወጣው። ለሁሉም እኩል አላወጣሁም። እናንተ ግን ለሁሉም እኩል አካፍላችሁታል።»

ሂሳብ ሹሙ ብድግ አለ። «ይህ ሰነድ ከስቶር እንዲወጣ ማን ፈቀደ?»

«ምኑ ወጣ?» አለ ዘይቱ ከኋላ። «እትዬ ስቶር ራሷ ስቶር ናት። የሄደችበት ሁሉ ስቶር ነው።»

ሰው ፈነዳ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም፤ እጁን ዘርግቶ ወረቀቴን ተቀበለኝ። አነበበ። ከካርቶኑ ውስጥ ካርድ እየመዘዘ ከእርሳሴ ጋር አስተያየ፤ አንዱን፣ ሦስተኛውን፣ አሥረኛውን። ከዚያ ሂሳብ ሹሙን በዝቅተኛ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀው፤ ሂሳብ ሹሙም ጫማውን እያየ መለሰለት።

«አሥራ ዘጠኝ ቁጥር» አለ ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ፣ «ሠላሳኛ ሳይሆን ሁለተኛ ነው።»

ጭብጨባ ተነሳ፤ ከሁሉ በላይ ያጨበጨቡት አጣቢዎቹ ነበሩ። እኔ ወንድሜን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል።

«እንግዲህ ዝርዝሩ ይስተካከላል» ሲል ቀጠለ ሥራ አስኪያጁ። «የአሥራ ዘጠኝ ሹፌር ሽልማት ይገባዋል። ከታች የሚሆኑት ደግሞ…» ወረቀቱን አየ። «ሃያ ስድስት፣ አሥራ አንድ… እና ሰባት።»

ነፋሱ ከተቀመጠበት ጎማ ላይ ግማሽ ተነሳ፣ ግማሽ ቀረ። ስለ ራሴ እውነቱን ልናገር፤ እኔ በዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኛል። የሚዜውን ቀልድ አስታወስኩ። ወንድሜ ድኗል፣ ሌላው የራሱ ጉዳይ ነው ብዬ ልቀመጥ ስል ጋሼ ተነሳ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በስብሰባ ላይ ድምፁን የሰማው ሰው የለም። ባርኔጣውን አውልቆ ያዘ።

«እህቴ» አለ፣ «የሰባት ቁጥርን ካርድ አምና ከገባው ጀምሮ አንብቢልን።»

አልገባኝም፤ ግን አነበብኩ። «አምና፣ ዓመቱን ሙሉ፣ የፍሬን ሸራ አንድ። ፍሪሲዮን የለም። ጎማ ሁለት።»

«የዘንድሮውን ሦስት ወር?»

«ሸራ ሦስት ጊዜ። ፍሪሲዮን አንድ። ጎማ ስድስት።»

«ሹፌሩ ያው አንድ ሰው ነው» አለ ጋሼ። «ሲቀጠር እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አንድ ወር ነድቷል፤ እጁን አውቀዋለሁ። ነፋሱ የሚል ስም የወጣለት ከሦስት ወር ወዲህ ነው። ጌታዬ፣ እዚህ ካርድ ላይ የተጻፈው የዚህ ልጅ እግር አይደለም፤ እርስዎ ያመጡት የደሞዝ አከፋፈል ነው። ሩጥ ብለው ከፈሉት፣ ሮጠ። አሁን ለምን ሮጥክ ብለው ሊያባርሩት ነው። ሽልማቱን እኔ አልፈልግም። ደሞዛችንን እንደነበረ ይመልሱልንና ሁሉም እንደ ሰው ይንዳ። እኔ ሰባት ዓመት የአውቶቡስ ወለል አጥቤአለሁ፤ ያለ ደም የሚገባ አውቶቡስ ሁልጊዜ ርካሽ ነው።»

ባርኔጣውን አጠለቀና ተቀመጠ። በቃ፣ ይኸው ነው። ማንም አላጨበጨበም፤ ለጭብጨባ የሚሆን ንግግር አልነበረም። ነፋሱ ግን ከጎማው ተነስቶ መጥቶ ከጋሼ አጠገብ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሁለት ሳምንት ተከራከሩ። ሊቀ መንበሩ ካርዶቼን ይዞ ሲገባ ሲወጣ ሰነበተ። በመጨረሻ የወር ደሞዙ እንደነበረ ተመለሰ፣ የሚሰናበት ሰው ቀረ፣ ወጪም በየአውቶቡሱ እንዲያዝ ተወሰነ። ዝርዝሩን የምሠራው እኔ ሆንኩ፤ ሥራ ተጨመረብኝ እንጂ ደሞዝ አልተጨመረልኝም። ማኅበሩ ሦስት ዓመት የጠየቀው ጭማሪም ያው እንደተንጠለጠለ ነው። ድርጅቱ ግን በዓመቱ መጨረሻ አልከሰረም።

ጋሼ ሁለቱን ዓመት ነድቶ ጨረሰ። በመጨረሻው ቀን ከገበያው ማቆሚያ የተነሱት እንቁላል ነጋዴዎች እስከ ጋራጁ በር ድረስ አብረውት መጡ፤ መውረጃቸው ሦስት ማቆሚያ ወደ ኋላ ነበር። ወፍራሟ ነጋዴ «ደህና ሁን ወንድሜ፣ ከእንግዲህ በእግሬ ነው የምሄደው» አለችው። አጣቢዎቹ ወለሉን አይተው ቱቦውን ሳይከፍቱ በመጥረጊያ ብቻ ጠረጉት። ቁልፉን የተረከበው ነፋሱ ነው። ራሱ ጠይቆ ነው የወሰደው። መንቶቹ አሁን ይሮጣሉ፣ እሱ አይሮጥም። አንዱ አዲስ ሹፌር በቀደም ከኋላው ጥሩምባ ነፍቶ «ሙሽራ ነው እንዴ የጫንከው?» ቢለው በመስኮት ብቅ ብሎ «አዎ፣ ከነሚዜዋ!» አለው አሉ።

ባለፈው ሳምንት ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ መጥታ ነበር። ወጣት ልጅ ናት፣ ጥፍሯ የተቀባ። መደርደሪያዎቹን በጣቷ እየነካች ጻፈች። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እትዬ፣ ይሄ የፍሬን ሸራ ምን ሆኖ ነው እንዲህ አቧራ የለበሰው? አይጠረግም?»

«የአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ነው» አልኳት። «ገና አላስፈለገውም።»

ቅጹ ላይ «የስቶሩ ንጽሕና ደካማ ነው» ብላ ጻፈችና እንድፈርም ሰጠችኝ። ፈረምኩላት። ከሄደች በኋላ ሌላውን መደርደሪያ ሁሉ ወልውዬ፣ እሱን እንዳለ ተውኩት።